አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ሥርዓት፦ ከአይቢኤም እስከ ፍኖተ ሰላም

አይቢኤም የመጀመሪያ የግል ኮምፒውተሩን እ.ኤ.አ. በኦገስት 1981 ይፋ ሲያደርግ፣ ማሽኑ በየትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንደሚሠራ የመወሰኑን ነገር ለገዢው ትቶለት ነበር። የቀረቡት አማራጮች ሦስት ናቸው፦ ከማይክሮሶፍት የተገኘው ፒሲ ዶስ፣ የዲጂታል ሪሰርች ሲፒኤም-86 እና ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ፒ-ሲስተም። ዶስ ገበያውን የያዘው በዋጋው ነው። እሱ 40 ዶላር ሲሸጥ፣ ሲፒኤም-86 ዘግይቶ ደረሰ፤ ሲደርስም 240 ዶላር ተጠየቀበት። በማርች 1983 ባለ 10 ሜጋባይት ሐርድ ዲስክ የሆነው ኤክስቲ ሞዴል ሲወጣ የሠሪዎቹ ሐሳብ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ 64ቱ ለክፍፍል ሰንጠረዥ ተመደቡ፤ ሰንጠረዡ አራት ፓርቲሽኖችን ይይዛል፤ ከአራቱ አንዱ ሲመረጥ ማሽኑ በዚያ ይነሣል። የቡሬ ገበሬ አንዱን ማሳ በድንበር ከፍሎ በወዲህ በቆሎ፣ በወዲያ በርበሬ እንደሚያለማው ሁሉ፣ አንድ ዲስክ ከአንድ በላይ ሥርዓት ሊያሳድር ተሰናድቶ ነበር። ይህን ከመነሻው ማስታወስ ያስፈልጋል። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በምዕራብ ጎጃም ከተሞች በዊንዶውስ ጎን ሌላ ሥርዓት መጫን የባለሙያ ቅንጦት ወይም አደገኛ ሙከራ ተደርጎ ይታያል። እንደ እኔ እምነት ታሪኩ ይህን አይደግፍም። ማሽኑ ሲፈጠር ቦታው ነበረ፤ ቦታውን የዘጉት በኋላ የመጡ ዋጋ፣ ውልና ልማድ ናቸው፤ የመዘጋቱን ዕዳ ደግሞ አብዝተው የሚከፍሉት እንደ ፍኖተ ሰላም ያሉ፣ አሮጌ ማሽን ለረጅም ዓመት የሚያሠሩ ከተሞች ናቸው።

በዚያው በ1980ዎቹ ኢትዮጵያውያንን የያዛቸው ጭንቀት ፊደሉን ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነበር። በአሜሪካ የሚኖሩት አቶ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ በየበኩላቸው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞችን አበጁ፤ አገር ቤትም በሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን አጋፋሪ ተሠራ። ዊንዶውስ ሲስፋፋ ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝ ተከተሉ፤ በየመሥሪያ ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ሥር የሰደዱትም እነዚህ ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ድካም ባይኖር ኖሮ የመንግሥት ደብዳቤ ከታይፕራይተር ሳይላቀቅ ዓመታት በጨመረ ነበር። ይሁን እንጂ ዊንዶውስ ለእኛ ፊደል ቦታ አላዘጋጀም ነበርና፣ ፕሮግራሞቹ ላቲን ፊደላት በያዟቸው ቁጥሮች ላይ የአማርኛን ቅርጾች ደርበው ማስቀመጥ ግድ ሆነባቸው። የአንድ ፎንት ቦታ ከ256 ስለማይበልጥ ገበታውን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት አከፋፈሉት፤ አከፋፈሉም በየፕሮግራሙ ይለያይ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ሌላው በተጫነበት ማሽን ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ክምር ሆኖ ይወጣል። እናም ጽሑፉ ብቻውን መጓዝ አልቻለም፤ ፎንቱን፣ ፕሮግራሙንና ዊንዶውሱን አስከትሎ ነበር የሚጓዘው። የአማርኛ ሰነድ ከአንድ ኩባንያ ምርት ጋር የተቆራኘው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥርዓት እንጫን ማለት የቢሮውን መዝገብ ሁሉ እንዳይነበብ ማድረግ መሰለ፤ ፍርሃቱም በጊዜው እውነተኛ ነበር።

አገራችን በዚህ ላይ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሔልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የራሱን ሥርዓት መጻፍ ጀመረ። የሠራው ሚኒክስ የተባለ ሌላ ሥርዓት በተጫነበት ኮምፒውተሩ ላይ ነበር፤ የመጀመሪያው ሊኑክስ ያለ ሚኒክስ እርዳታ መነሣት አይችልም ነበር፤ ማለትም ሊኑክስ የተወለደው ሁለተኛ ሥርዓት ሆኖ ነው። በ1992 ማንም እንዲያየው፣ እንዲቀዳውና እንዲያሻሽለው በሚፈቅድ ፈቃድ ሥር ገባ። ተጠቃሚዎቹ አብዛኞቹ ዶስና ዊንዶውስ የነበራቸው ስለሆኑ፣ ሊሎ፣ ቆይቶም ግረብ የተባሉት ማስነሻ ፕሮግራሞች ማሽኑ ሲበራ በየትኛው እንነሣ ብለው የሚጠይቁበትን ዝርዝር አመጡ። ቴክኒኩ በዚህ አለቀ። ያላለቀው የገበያውና የውሉ ነገር ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጃፓኑ ሂታቺ ዊንዶውስና ቢኦኤስ የተባለ ሌላ ሥርዓት ጎን ለጎን የተጫኑባቸውን ኮምፒውተሮች ለገበያ አቀረበ፤ ነገር ግን ገዢው ማሽኑን ሲያበራ ምርጫው አይታየውም ነበር። የማስነሻው ዝርዝር እንዳይወጣ የከለከለው ሂታቺ ከማይክሮሶፍት ጋር የገባው የፈቃድ ውል መሆኑን የቢኦኤስ ሠሪ ቢ ኩባንያ ገልጾ በ2002 ማይክሮሶፍትን ከሰሰ፤ ማይክሮሶፍት ጥፋት ሳያምን በ2003 23.25 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ክሱ በስምምነት ተዘጋ። ሁለተኛው ሥርዓት ዲስኩ ላይ ነበረ፤ በወረቀት ተደበቀ። «ሁለት ሥርዓት የሚፈልግ ሰው ቢኖር ኖሮ ገበያው ያቀርብለት ነበር» ለሚሉ ይህ ታሪክ በቂ መልስ ይመስለኛል፤ ገዢው ምርጫውን ሳያየው ምን እንደሚፈልግ ማወቅ አይቻልምና።

የፊደሉ ቋጠሮ የተፈታውም በተመሳሳይ ዓመታት ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች ኢማክስ በተባለው ነጻ የጽሑፍ ማዘጋጃ ላይ ብዙ ቋንቋዎችን ሲጨምሩ ግእዝን አካተቱት፤ አጻጻፉን ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ካዘጋጁት፣ የግእዝን ድምፅ በላቲን ቁልፎች ከሚወክለው ሥርዓት ወሰዱ። በሴፕቴምበር 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለ345 የግእዝ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ለያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቋሚ ቁጥር ሰጠ። ከዚያች ቀን ጀምሮ «ሀ» ዩኒኮድን በሚከተል በማንኛውም ማሽን፣ በማንኛውም ሥርዓት «ሀ» ሆነች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በጎ ፈቃደኞች የሊኑክስን ኖም ገጽታ ምናሌዎች ወደ አማርኛ መለሱ፤ የኢትዮጵያ የቀንና የገንዘብ አጻጻፍ ቅንብርም በሊኑክስ መሠረታዊ ቤተ ፕሮግራም ውስጥ ገባ። ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት ያወጣው አቢሲኒካ ፎንት በነጻ መታደል ጀመረ። ዊንዶውስ ኤክስፒ በአንጻሩ ግእዝን የሚያሳይ ፎንት አብሮት አልነበረውም፤ ኒያላ ፎንትና የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ የመጡት በ2007 ለገበያ ከቀረበው ቪስታ ጋር ነው። ማይክሮሶፍትን ለመውቀስ ይህን አላነሣሁም፤ ኒያላ ያማረ ሥራ ነው። ነጥቡ ቅደም ተከተሉ ነው። ኮዱ ክፍት በነበረበት በኩል ኢትዮጵያውያን የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ የቋንቋቸውን ሥራ ራሳቸው ሠሩ፤ ዝግ በነበረበት በኩል የኩባንያው ተራ እስኪደርስ ጠበቁ።

እ.ኤ.አ. 2004 ለዚህ ታሪክ የተለየ ዓመት ነው። በሐምሌ 1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ተራ አስገባ። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ደግሞ ደቡብ አፍሪቃዊው ማርክ ሻትልወርዝ የመሠረተው ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስ የመጀመሪያ እትሙን አወጣ፤ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲውን እ.ኤ.አ. እስከ 2011 ድረስ ያለ ዋጋ በፖስታ ይልክ ነበር። በዚያው ሰሞን ወረዳኔት የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ከማዕከል ጋር እያገናኘ ነበር፤ ኮምፒውተር የዞን ከተማን አልፎ ወደ ወረዳ የወረደበት ጊዜ ነው። በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች አይቤክስ የተባለው የበጀትና የወጪ ሒሳብ ፕሮግራም ሥራ ላይ ዋለ፤ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ሕጉ እንዲህ ሆኖ፣ ነጻው ሥርዓትም እንዲህ ቀርቦ፣ ከደምበጫ እስከ ቡሬ በአውራ ጎዳናው ላይ የበቀሉት የጥገናና የጽሕፈት ሱቆች የያዙት ልማድ ግን ሌላ ነበር። ማሽን ሲንቀራፈፍ ወይም ቫይረስ ሲገባው መፍትሔው «ፎርማት ይደረግ» ነው፤ ያለው ሁሉ ይጠረግና ፈቃዱ የተሰበረ ዊንዶውስ ከፍላሽ ይጫናል። ባለሱቁን በዚህ መኮነን አይገባም፤ የሰለጠነበትም፣ ደንበኛው የሚጠይቀውም ይኸው ነው። ሆኖም የተሰበረው ቅጂ ነጻ ነው የሚለው ክርክር ሒሳቡን ግማሽ ላይ ያቆመዋል። እንዲህ ያለው ቅጂ ብዙ ጊዜ ዝማኔው ይጠፋል፤ ፈቃዱን የሚሰብረው ትንሽ ፕሮግራም ራሱ ምን ይዞ እንደመጣ የሚያውቅ የለም። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ወደ 150 አገሮች ሲዛመት የገባበት ቀዳዳ ከሁለት ወር በፊት በዝማኔ የተደፈነ ነበር፤ የተጠቁት ያልታደሱት ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ከሱቅ ሱቅ የሚሄድ ተማሪ ፋይሎቹ ወደ «ሾርትከት» ተለውጠው የሚያገኘውም በዚሁ ሰንሰለት ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ አሮጌውን ነቅሎ አዲስ መትከል የሚል ሐሳብ ነበር፤ እሱም ተሞክሮ ትምህርት ጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2008 ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚለው ዘመቻ ወደ 5,000 የሚጠጉ ኤክስኦ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ተሰጡ። በሊኑክስ ላይ የተሠራ ሹገር የተባለ የልጆች ገጽታ ነበራቸው፤ የቁልፍ ሰሌዳውም አማርኛ ነበር። ማሽኑ ድንቅ ነበር፤ መምህራኑ ግን ከሚያውቁት ነገር ሁሉ ስለራቀባቸው ብዙዎቹ በትምህርት ሰዓት ትኩረት የሚሰርቅ ዕቃ አድርገው አዩት። ፕሮጀክቱ ራሱ ቆይቶ በተሻሻለው ሞዴል የተለመደውን ኖም ከሹገር ጎን አስቀመጠና ተማሪው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሻገር አደረገ። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማም ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮቿን ዓመታት በወሰደ ሥራ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ካዛወረች በኋላ፣ ምክር ቤቷ በ2017 ወደ ዊንዶውስ እንመለስ ብሎ ወሰነ። የሊኑክስ ወዳጆች ይህን ውሳኔ የፖለቲካ ነው ይሉታል፤ ፖለቲካው ቢኖርበትም፣ ሠራተኛውን ከለመደው ነገር በአንድ ጊዜ መለየት ለተቃውሞ ምቹ በር እንደከፈተ መካድ አይቻልም። የጃቢ ጠህናን ወረዳ ገንዘብ ሠራተኛ አይቤክስን ትቶ ወደ ሊኑክስ ይሂድ ማለትም ያው ስሕተት ይሆናል። ሁለት ሥርዓት በአንድ ማሽን የሚለው ሐሳብ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፦ ሒሳቡ በዊንዶውስ ይሠራል፤ ደብዳቤው፣ ሪፖርቱ፣ ከሰው የመጣው ፍላሽ በሌላው ይከፈታል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ሴኪዩር ቡት ሲመጣ፣ ያልተፈረመበት ሥርዓት በማሽኑ እንዳይነሣ የሚከለክል ቁልፍ በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ገባ፤ የሊኑክስ በር ተዘጋ ተብሎም ተፈራ። የሊኑክስ ዓይነቶች የሆኑት ፌዶራና ኡቡንቱ በማይክሮሶፍት የተፈረመ አነስተኛ ማስነሻ በማዘጋጀት አለፉት። ከዚያ በ2016 ማይክሮሶፍት ራሱ ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ ማስኬድ የሚያስችል ክፍል አወጣ፤ ሁለተኛው ሥርዓት የጥቂት አክራሪዎች ምኞት ነው የሚለው ንግግር በዚህ ተቋጨ ማለት ይቻላል። «እንግዲያው ዲስክ መክፈል ለምን? ሁለተኛውን እንደ ቨርቹዋል ቦክስ ባለ ፕሮግራም ውስጥ ማስኬድ አይበቃም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። 16 ጊጋባይት ራም ላለው ይበቃል። 4 ጊጋባይት ይዞ ዊንዶውስን ራሱን በጭንቅ ለሚሸከም የትምህርት ቤት ማሽን ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስነሣት አይሆንም፤ ተራ በተራ መነሣት የሚጠቅመው ለደካማው ማሽን ነው። የሚያስከፍለው ዋጋ የለም አልልም። ዊንዶውስ የማሽኑን ሰዓት እንደ አገሩ ሰዓት ሲይዘው ሊኑክስ እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ይይዘዋል፤ አገራችን በ3 ሰዓት ስለምትቀድም ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ የተመለሰ ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማሽኑ ንጋት 12 ሰዓት ነው ሲለው ያገኛል። በአንድ ትእዛዝ የሚስተካከል ነው፤ ካልታወቀ ግን የቢሮ ሰነድ ሰዓትን ያዛባል። የዊንዶውስ ፈጣን መነሻም ክፍልፋዩን ግማሽ ክፍት አድርጎ ስለሚተወው፣ ካልጠፋ በቀር ሊኑክስ ፋይሎቹን ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ አይፈቅድም። ከሁሉም የሚያሳስበው መብራት ነው። ፓርቲሽን እየጠበበ ሳለ መብራት ከጠፋ ያለው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ፋይሉ አስቀድሞ ሌላ ቦታ ሳይቀዳ፣ ማሽኑም ዩፒኤስ ወይም ደህና ባትሪ ሳይኖረው ሥራው መጀመር የለበትም። ይህን አደጋ ለማይሸከም ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሥቶ ዲስኩን ሳይነኩ መሥራት አለ፤ ዊንዶውሱ የሞተበት ማሽን ላይ ያለ ፋይልም በዚሁ መንገድ ይወጣል። የጥገና ሱቆቻችን ከፎርማት በፊት ይህን ቢያስቀድሙ ስንት መዝገብ በተረፈ።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። የዚያን ጊዜ መከራ ከኮምፒውተር እጅግ የሚበልጥ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚመለከተው አንድ ቅንጣት ብቻ ነው። ቤት ያልተቀመጠ ሶፍትዌር፣ በሩቅ አገልጋይ ፈቃድ የሚከፈት ሶፍትዌር፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ባለቤቱን ይከዳዋል። የዊንዶውስ 11 የቤት እትም ገና ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። እንደ ሊኑክስ ሚንት ወይም ዴቢያን ያለ የሊኑክስ ዓይነት ሙሉ በሙሉ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፤ ከባሕር ዳር በሚመጣ ሚኒባስ ተልኮ ቡሬ ላይ በአሥር ማሽን ቢጫን፣ ከቡሬም ተቀድቶ ወደ ወንበርማ ቢሄድ ሕግ አይጣስም፤ የሚያስከፍል፣ የሚያስፈቅድም የለም። እርግጥ ሊኑክስም ለደኅንነት ዝማኔ ኔትወርክ ይፈልጋል፤ ይህን ችግር ሁለቱም ይጋሩታል። ልዩነቱ ኔትወርክ ባይኖርም መጫኑና መሥራቱ አለመቆሙ ነው።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና፣ በኢንቴል በኩል ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት የተሠራው ማሽን አብዛኛው በዚህ ሕግ ከደጅ ይቀራል። ሊኑክስ ሚንት 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ካገኘ ይጫናል። ከአርባ ዓመት በፊት ለቅንጦት ይመስል የተተወው የዲስክ ክፍል አሁን የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ የሆነው ለእነዚህ ማሽኖች ነው፤ ዊንዶውስ 10 ከኔትወርክ ተለይቶ ለአሮጌ ፕሮግራሞችና በፓወር ግእዝ ለተጻፉ ሰነዶች ይቆይ፤ ኢንተርኔት የሚነካው ሥራ ዝማኔ ወደሚያገኘው ሥርዓት ይዛወር። አዲሱ ሰነድ በዩኒኮድ ከተጻፈ በሁለቱም ይከፈታል፤ ኪማን የተባለው ነጻ መጻፊያም በዊንዶውስም በሊኑክስም ስለሚሠራ የጸሐፊው ጣት አዲስ ነገር መልመድ አያስፈልገውም። በዎርድ የተዘጋጀ ሰንጠረዥ ሊብረኦፊስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ሲከፈት አንዳንዴ ይዛባል የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው የመጀመሪያው ሥርዓት ይነቀል የማልለው።

የሚቀረው ጠንካራው ተቃውሞ የባለሙያ ጉዳይ ነው፦ ሁለተኛው ሥርዓት ሲበላሽ በፍኖተ ሰላም ማን ይጠግነዋል? ዛሬ ጥቂት ሰው ነው። ግን ዊንዶውስ መጫን የሚችል ሰውም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጥቂት ነበር፤ በየሱቁ የበዛው ሥራው ስለመጣ ነው። የፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚያሠለጥናቸው መምህራን በዞኑ ቀበሌዎች ይበተናሉ፤ በኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል ማሽኖች ላይ ሁለቱ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ቢጫኑ፣ አንድ ምሩቅ ዲስክ መክፈልን፣ ፋይል ማትረፍንና ከፍላሽ መነሣትን በእጁ ሠርቶ ይወጣል። የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም ኦፕሬቲንግ ሲስተም መጫንን አስቀድመው ያስተምራሉ፤ በዚያው ልምምድ ላይ ሁለተኛ ፓርቲሽን ለመጨመር አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ ፍላሽ፣ ግማሽ ቀንና ሥራው እስኪያልቅ የማይጠፋ መብራት ነው።